ሳይሸጡ መመለስም ሥራ ነው

(በዕድራችን የ2018 ዓ.ም. ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድሜ ባሳለፍነው ዓመት በሞት ለተለዩን አባሎቻችን ፈጣሪ ነፍሳቸውን ይማርልን፤ ለቤተሰቦቻቸውም መጽናናትን ይስጥልን እላለሁ። ቀጥዬም ይህን ጊዜ ለሰጠኝ ኮሚቴ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ሰብሳቢያችን «ግማሽ ሰዓት አለዎት፤ ከዚያ በኋላ የሒሳብ ሪፖርት ስላለብን እንዳያልፉ» ብለውኛልና በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

የምናገረው ስለ አንዲት የሠፈራችን ነጋዴ የጥናት ጉዞ ነው። ልጅቷን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ከዕድራችን መሥራቾች አንዷ የነበሩት እናቷ በ2014 ዓ.ም. ሲያርፉ ድንኳን ተክለን፣ ሠልስት እስኪወጣ አብረናት የተቀመጥን ልጅ ናት። ሥራዋ ቡና ቆልታና ፈጭታ መሸጥ ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ቻይና አገር፣ ሻንጋይ ወደምትባለው ትልቅ ከተማ ሄዳ 14 ቀን ቆይታ ተመለሰች። እዚያ ሳለች አንድ ኪሎ ቡና አልሸጠችም። ውልም አልተፈራረመችም። ከዚያ ወዲህ ከቀብር መልስም ሆነ በየቤቱ ቡና ላይ የሚወራው «የሰው ገንዘብ ይዛ ሽርሽር ሄዳ መጣች» የሚል ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ግልጽ ላድርግ። 1ኛ፣ በዚህ ጉዳይ ውስጥ የዕድሩ ገንዘብ አንድ ሳንቲም የለበትም። ገንዘቡን ያዋጣነው 8 አባሎች በግላችን ሲሆን፣ እያንዳንዳችን 50,000 ብር፣ በድምሩ 400,000 ብር አውጥተን የንግዱ ተካፋይ ሆነናል። 2ኛ፣ ከስምንቱ አንዱ እኔ ነኝ። ከጡረታዬ ቆጥቤ ነው የሰጠሁት፤ ስለዚህ ስለ ሰው ገንዘብ ሳይሆን ስለ ራሴም ገንዘብ ነው የምናገረው። ከስምንቱ ሦስቱ ዛሬ ገንዘባቸው እንዲመለስላቸው ጠይቀዋል። መብታቸው ነው፤ ማንም አይከለክላቸውም። ነገር ግን ሰው ከመወሰኑ በፊት ጉዞው ምን ይዞ እንደመጣ መስማት ይገባዋል ብዬ ነው የተነሣሁት። ጉዳዩ የስምንታችን ብቻ ቢሆን በቤት እንነጋገር ነበር። ሆኖም ልጆቻችሁ ነገ ዱባይም፣ ቻይናም፣ ቱርክም ልንሄድ ነው ማለታቸው ስለማይቀር ለሁላችን ይጠቅማል።

እኔ ይህን ከየት አመጣሁት? ልጅቷ በጉዞዋ ሁሉ ማስታወሻ ደብተር ይዛ ነበር። ስትመለስ «ጋሼ፣ የእርስዎ የእጅ ጽሕፈት ያምራል፤ እባክዎን በንጹህ ይገልብጡልኝ» ብላ ሰጠችኝ። እኔ ትምህርቴ 6ኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰው ነኝ። ይሁን እንጂ 34 ዓመት በቡና መጋዘን ጸሐፊ ሆኜ ስንት ኬሻ ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ደረጃው ስንት ነው እያልኩ ስጽፍ የኖርኩ ስለሆነ፣ ደብተሩን ስገለብጥ ነገሩ እንግዳ አልሆነብኝም። ያልገባኝን እየጠየቅኋት ነው የጨረስኩት። ዓመተ ምሕረቱን በውጭ አገር አቆጣጠር ስናገር እ.ኤ.አ. እላለሁ፤ እንዳይምታታባችሁ።

መጀመሪያ የታሰበው

የልጅቷ የመጀመሪያ ሐሳብ እንዲህ ነበር። 2,000 ኪሎ ቡና እዚሁ አገር አስቆልታ፣ የጀበና ሥዕል ባለበት በሚያምር ከረጢት አሽጋ ወደ ቻይና መላክ። ለዚህ የእኛ መዋጮ ስለማይበቃ እናቷ ያወረሷትን ቤት አስይዛ ከባንክ ልትበደር ፎርም ሞልታ ነበር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ሁላችንም «እስከ መቼ ጥሬውን እየላክን እንኖራለን?» ስንል የኖርን ሰዎች ነን። ቆልቶና አሽጎ መላክ የተሻለ ገንዘብ እንደሚያመጣ ማንም ይገምታል።

ነገር ግን ፎርሙን ልትፈርም ስትል ቆም አለችና «ገዢውን በዐይኔ ሳላየው የእናቴን ቤት አላስይዝም» አለች። የጥናቱ ጉዞ የተወለደው ከዚህች ቃል ነው። ቲኬቱ፣ ማደሪያው፣ ምግቡና አስተርጓሚው ተደማምሮ 250,000 ብር ፈጀ። ከዚህ ውስጥ 150,000 ከመዋጮአችን፣ 100,000 ከራሷ ሱቅ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲሆን ከተደረገ በኋላ ዶላር እጥፍ ስለሆነ፣ ቀድሞ በግማሹ ይሠራ የነበረ ጉዞ ይህን ያህል አስወጣ። ደረሰኞቹ በሙሉ በእኔ እጅ አሉ፤ ማየት የሚፈልግ ይምጣ።

የወረቀት ሒሳብና የዐይን ሒሳብ

ቻይና የሻይ አገር ነው። ከጥንት ጀምሮ ሻይ ሲጠጡ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ስታርባክስ የተባለው የአሜሪካ የቡና ድርጅት የመጀመሪያውን ካፌ በፔኪንግ፣ ዛሬ ቤጂንግ በሚባለው፣ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እንግዲህ ከ30 ዓመት የማይበልጥ ነገር ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2023 በሻንጋይ ከተማ ብቻ ከ8,000 በላይ ካፌዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 የተቋቋመው ላኪን የሚባለው የአገሩ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. 10,000ኛውን፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ደግሞ 20,000ኛውን ካፌ ከፈተ። አንዱን አሥር ሺሕ ለመሙላት ስድስት ዓመት ገደማ ፈጀበት፤ ሁለተኛውን አሥር ሺሕ ግን በዓመት ከጥቂት ጨረሰው። ገበያው ያድጋል ማለት ይህ ነው።

እኔም እንደ ልማዴ እርሳስ አንሥቼ ሒሳብ ሠራሁ። የቻይና ሕዝብ 1.4 ቢሊዮን ነው። እያንዳንዱ ሰው በዓመት አንድ ስኒ ብቻ ቢጨምር፣ አንድ ስኒ ደግሞ 10 ግራም ቢፈጅ፣ 14,000 ቶን የተቆላ ቡና ነው። ቡና ሲቆላ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ከ100 ኪሎ ጥሬ 84 ኪሎ ቢቀር፣ ጥሬው ወደ 16,700 ቶን ይሆናል። አንድ ትንሹ ኮንቴይነር 320 ኬሻ፣ ባለ 60 ኪሎ፣ ማለትም 19,200 ኪሎ ይይዛል። ስለዚህ አንዲት ስኒ ብትጨመር ወደ 870 ኮንቴይነር ማለት ነው!

ይህን ሒሳብ ለልጅቷ ሳሳያት ሳቀች። «ጋሼ፣ ይህንኑ ሒሳብ ብራዚሉም፣ ኮሎምቢያውም፣ ቬትናሙም ሠርቶታል። ሒሳቡ ስንት ኮንቴይነር እንደሚገባ ይነግርዎታል፤ የእኔን 2,000 ኪሎ ማን እንደሚገዛው ግን አይነግርዎትም» አለችኝ። እውነቷን ነው። የሰውን ብዛት ማንም በሬዲዮ ይሰማዋል። አንዱ ሰው ስኒውን አንሥቶ ምን እንደሚል ለማወቅ ግን አጠገቡ መቀመጥ ያስፈልጋል።

በዐይን የታየው

የመጀመሪያዎቹን ቀናት የዋለችው በትልቁ የንግድ ትርኢት ላይ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ በያመቱ በኅዳር ወር በሻንጋይ የሚደረግ፣ ቻይናዎች ከውጭ የሚገዙትን ዕቃ የሚያዩበት ኤግዚቢሽን ነው። በአገራችን አቆጣጠር ከጥቅምት 26 እስከ ኅዳር 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። እዚያ የስም ካርድ ተቀበለች፣ ካርድ ሰጠች። ነገር ግን በደብተሯ ላይ «በትርኢቱ ላይ ሁሉም ሰው ፈገግ ይላል፤ ገበያው እዚህ አይደለም» ብላ ጽፋለች። ስለዚህ በቀሩት ቀናት እዚያ የሚማር አንድ የአገራችን ልጅ በቀን እየከፈለች እንዲያስተረጉምላት አድርጋ በየሠፈሩ ወጣች።

ያየችውን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

በመጀመሪያ፣ ጧት ጧት ካፌ ጥግ ተቀምጣ የሚገባውን ሰው ታይ ነበር። አብዛኛው ወጣት ነው፤ የቢሮ ሠራተኛ። ገንዘብ በእጁ አይዝም። ያዘዘው ገና ከቤቱ ሳይወጣ በስልኩ ነው፤ የከፈለውም በስልኩ ነው። ስኒው ወረቀት ነው፤ አንሥቶ ይሄዳል። ሌላውን ሞተር ብስክሌት የያዘ ልጅ እየሮጠ ቢሮው ድረስ ያደርስለታል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የለም። ልጅቷ ጀበና ይዛ ሄዳ ነበርና በአንድ ካፌ አፈላችላቸው። ሰዉ ተሰብስቦ ፎቶግራፍ አነሣ፣ አጨበጨበ፣ ሄደ። ባለቤቱ ጨዋ ሰው ነበርና «ጀበናችሁ ያምራል፤ የእኔ ደንበኛ ግን ያለው ሁለት ደቂቃ ነው» አላት። ይህች ቃል በደብተሩ ላይ ሁለት ጊዜ ተሠምሮባታል።

ሁለተኛ፣ የሚጠጡት ቡና እኛ የምናውቀው ቡና አይደለም። ወተት የሌለበት ያዘዘው በጣት የሚቆጠር ነው። ላኪን እ.ኤ.አ. በ2021 የኮኮናት ወተት የገባበት ቡና አውጥቶ ገበያውን አናወጠው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ደግሞ ማውታይ የተባለውን ስመ ጥር የማሽላ አረቄያቸውን ከቡና ጋር ቀላቅሎ ቢያቀርብ፣ በመጀመሪያው ቀን ብቻ 5,420,000 ስኒ ተሸጠ! እናቶቼ፣ አትሳቁ። ቡና ከአረቄ ጋር ሲባል እኔም መጀመሪያ አማተብኩ። ነገር ግን ጠጪው እሱ ነው፣ ከፋዩም እሱ ነው። በወተትና በኮኮናት ውስጥ የሚገባ ቡና ከየት ጫካ እንደመጣ ብዙ ሰው አይጠይቅም፤ ርካሽ መሆኑንና በየቀኑ አንድ ዓይነት መሆኑን ነው የሚፈልገው። ይህንን የሚያቀርቡት በመቶ በሚቆጠር ኮንቴይነር የሚገበያዩ ናቸው። ባለ 2,000 ኪሎዋ ልጅ እዚያ በር ላይ ቦታ የላትም።

ሦስተኛ፣ ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ራሳቸው ይቆላሉ። ከሻንጋይ አጠገብ ኩንሻን የምትባል ከተማ አለች። ስታርባክስ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ትልቅ የቡና መቁያና መጋዘን የከፈተው እዚያ ነው። ትናንሾቹም በየሠፈሩ መቁያ ማሽን አላቸው። ልጅቷ ከየሱቁ የታሸገ ቡና እያነሣች ጀርባውን ታይ ነበር። ከዋጋው በላይ ጎልቶ የተጻፈው የተቆላበት ቀን ነው። «የዛሬ 4 ቀን»፣ «የዛሬ 6 ቀን» ይላል። የእኛ ቡና ከአዲስ አበባ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በመርከብ ሳምንታት ተጉዞ፣ ጉምሩክ ላይ ቆይቶ ሱቅ እስኪገባ ድረስ ወሩ ያልፋል። የተቆላ ቡና ደግሞ እንደ ጥሬው አይቆይም፤ ሽታው ይበናል፤ ይህን የቤት እመቤት ሁሉ ታውቃለች። እንግዲህ የጀበና ሥዕል ያለበት ያ ከረጢት መደርደሪያ ላይ ሲወጣ ከጎኑ ካለው የዛሬ 4 ቀን ከተቆላው ጋር ነው የሚወዳደረው። ማን ያነሣዋል?

አራተኛ፣ ወረቀቱ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ወደ ቻይና ምግብ የሚልክ የውጭ አገር አምራች በጉምሩክ መሥሪያ ቤታቸው መመዝገብ አለበት። የታሸገ ዕቃ ደግሞ በራሳቸው ቋንቋ መለያ ሊለጠፍበት ያስፈልጋል። በአንጻሩ ደስ የሚል ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2023 ጀምሮ ከአገራችን ለሚገባው ዕቃ 98 ከመቶው፣ ከታኅሣሥ 2024 ወዲህ ደግሞ በሙሉ ከቀረጥ ነጻ ሆኗል። እንግዲህ በሩ ክፍት ነው፤ ነገር ግን በሩ የተከፈተው ወረቀቱን አሟልቶ ለሚመጣ ነው።

ወገኖቼ፣ እስኪ ቆም ብለን እናስብ። ልጅቷ ሳትሄድ ብትቀር ኖሮ 2,000 ኪሎው ይቆላ ነበር፣ ቤቱም ይያዝ ነበር። ቡናው እዚያ መጋዘን ውስጥ ሽታው እየበነነ የባንኩ ወለድ እዚህ ይቆጥር ነበር። በ250,000 ብር የተገዛው ነገር ይህንን ማወቅ ነው። «ምንም ሳትሸጥ መጣች» ለሚለው ወሬ መልሴ፣ ሳትሸጥ የመጣችው መሸጥ የሌለባትን ነገር ነው የሚል ነው።

ስማችን ቀድሞን ሄዷል

እንግዲህ ሁሉም በር ተዘግቷል ማለት አይደለም። በሻንጋይ አሮጌ ሠፈሮች ውስጥ ትናንሽ ካፌዎች አሉ። ባለቤቱ ራሱ ይቆላል፣ ራሱ ያፈላል። እነዚህ ግድግዳቸው ላይ የቡናውን አገር፣ የመሬቱን ከፍታ፣ የታጠበ ወይም ያልታጠበ መሆኑን ይጽፋሉ። ልጅቷ ገብታ «ከኢትዮጵያ ነው የመጣሁት» ስትል ባለቤቱ ወዲያው «የጅያ ሹዌፌይ!» አላት። ይርጋ ጨፌ ማለቱ ነው። በፊደላቸው ሲጽፉት ከፊደሎቹ አንዱ ትርጉሙ በረዶ ነው ይላሉ፤ የእኛ ቡና የበረዶ ስም አገኘ። ከ7 ካፌ በ6ቱ ይህንን ስም ሰምታለች። የጉጂንና የሲዳማንም የሚያውቁ ነበሩ።

ይህ ስም ዝም ብሎ የተገኘ አይደለም። ታስታውሱ እንደሆነ አገራችን እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋ ጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚባሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ጠይቃ ብዙ ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ ከስታርባክስ ጋርም እ.ኤ.አ. በ2007 በስምምነት አለቀ። ያን ጊዜ እኔ መጋዘን ነበርኩ። «ስም ደግሞ ምን ይበላል?» ያሉ ነበሩ። ይኸው ስሙ ልጅቷ ከመሄዷ በፊት ሻንጋይ ደርሶ ይጠብቃት ነበር።

ስም ካልያዙት ደግሞ እንዴት እንደሚያመልጥ ልንገራችሁ። ከደቡብ ምዕራብ አገራችን፣ ከጌሻ አካባቢ ጫካ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተወሰደ የቡና ዘር ነበር። በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ ከዚያም በኮስታ ሪካ በኩል አልፎ በ1960ዎቹ ፓናማ ገባ። ለብዙ ዓመት ማንም ልብ አላለውም። እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ የፓናማ እርሻ ያንን ዘር ለብቻው ለቅሞ፣ ለብቻው አጥቦ ለውድድር ሲያቀርበው በጨረታ አንዱ ፓውንድ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ የማይሞላ፣ በ21 ዶላር ተሸጠ፤ ጉድ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2025 ዓ.ም. በፓናማው ጨረታ የዚያው ዘር አንድ ኪሎ በ30,204 ዶላር ተሸጧል። ቁጥሩን ተሳስቼ አይደለም፤ ሠላሳ ሺሕ ሁለት መቶ አራት። ልጅቷም በሻንጋይ ካፌ ውስጥ ከሁሉ ውድ ሆኖ የተሰቀለው የፓናማው ጌሻ መሆኑን አይታ ጽፋለች። ዘሩ የእኛ፣ ስሙም የእኛ፤ ልፋቱ ግን የእነሱ ነው። ለብቻ መልቀም፣ ለብቻ ማጠብ፣ ለብቻ መጻፍ። በዚህ መቆጨት ብቻ ሳይሆን መማርም ይገባናል።

የናሙና ነገር

ትናንሾቹ ካፌዎች ምን ጠየቋት? ከሁሉም የሰማችው ጥያቄ አንድ ነው። «የምትልኪው ቡና እንደ ናሙናው ይሆናል ወይ?» የሚል ነው። ዋጋ የጠየቁት ከዚህ በኋላ ነው። ከየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ እንደሆነ፣ የየትኛው ዓመት ምርት እንደሆነ፣ በሚቀጥለው ዓመትስ ከዚያው ይገኝ እንደሆነ ጠየቁ።

ይህ ጥያቄ እኔን ሩቅ ወሰደኝ። በ1980ዎቹ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ድርጅት ውስጥ ስሠራ፣ ለውጭ ገዢ ንጹህ ናሙና ተልኮ ውል ተያዘ። ሲጫን ግን ከስር ሌላ ቡና ተደባለቀ። እኔ የገባውንና የወጣውን ደረጃ በመዝገብ ላይ እንዳለ ጻፍኩ፤ ለአለቃዬም አሳየሁ፤ «አንተ ጻፍ እንጂ አትናገር» ተባልኩ። ገዢው ከዋጋው ቆረጠ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደብዳቤም አልጻፈ። አንድ ጭነት ላይ የተገኘች ትርፍ የአሥር ዓመት ደንበኛ በላች። ቻይናዎቹ ሲጠይቁ እንዲህ ዓይነቱን ነገር ቀምሰው ነው ማለት ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ፤ ይህኛው ከራሳቸው ነው። ያ 20,000 ካፌ የከፈተው ላኪን እ.ኤ.አ. በ2020 ያልተሸጠ ቡና እንደተሸጠ አድርጎ በመዝገብ መጻፉ ተደረሰበት። ሐሰተኛው ሽያጭ ከ2 ቢሊዮን ዩዋን በላይ ነበር። ከአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተባረረ፤ የበላይ ኃላፊዎቹም ተነሡ። ከዚያ በኋላ ነው በአዲስ ሰዎች መዝገቡን አጥርቶ እንደገና የተነሣው። ትልቅም ሆነ ትንሽ፣ በሐሰት መዝገብ ላይ የቆመ ቤት ይወድቃል። እኔ ይህን ሳነብ፣ እኛ ጸሐፊዎችም ለካ ዋጋ አለን አልኩ።

በመጨረሻም በደብተሩ ላይ ያገኘሁት አንድ ነገር አለ። ስታርባክስ እ.ኤ.አ. በ2000 ቤጂንግ በሚገኘው በቀድሞ ነገሥታታቸው ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ካፌ ከፍቶ ነበር። ሕዝቡ «በአባቶቻችን ግቢ?» ብሎ ቅር ስላለው እ.ኤ.አ. በ2007 ተዘጋ። ልጅቷ ከሥሩ «በሰው ቤት ሲገባ ጫማ የሚወልቅበትን ማወቅ» ብላ ጽፋለች። ይህ ትምህርት በገንዘብ የሚገዛ አይደለም።

ከተመለሰች በኋላ

አሁን ወደ ሒሳቡ ልምጣ። ልጅቷ እንደተመለሰች የባንኩን ፎርም ቀደደችው። ቤቱ ዛሬም ነጻ ነው። ከዚያም ከአንድ ማጠቢያ ጣቢያ ጋር ተስማምታ፣ ባለ 2 ኪሎ ጥሬ ቡና ናሙና ለ5 ካፌዎች ላከች። ሦስቱ መልስ አልሰጡም። አንዱ ዋጋው በዛብኝ አለ። አንዱ ወደደው። ፈቃድ ባለው ላኪ በኩል በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. 10 ኬሻ፣ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ ከዚያው ጣቢያ 15 ኬሻ ተላከለት። ገዢው ግማሹን ገንዘብ አስቀድሞ ስለከፈለ ነው በእኛ አቅም የተቻለው። ሁለተኛው ጭነት ከመዘጋቱ በፊት ልጅቷ ራሷ ከየኬሻው ናሙና እያወጣች ከመጀመሪያው ጋር አስቀምሳዋለች። ሁለት ኬሻ ልዩነት ስለተገኘበት ወደ ኋላ አስቀርታ ሌላ አስተክታለች። ያ ነገር አምስት ቀን አዘገያት፤ ወጪም አስወጣት።

ከሁለቱ ጭነት ወጪው ሁሉ ተነሥቶ የተገኘው ትርፍ 118,000 ብር ነው። የጉዞው ወጪ 250,000 ነበር። ስለዚህ ጉዞው ገና ዋጋውን አልመለሰም። ይህን አልደብቅም፤ እሷም አልደበቀችም። በጸሐፊነት የኖርኩ ሰው ነኝና ቁጥር አላስጌጥም። ከመዋጮአችን በጉዞው የወጣው 150,000 ብር ሲሆን፣ የቀረው 250,000 ብርና ትርፉ በባንክ አለ፤ ደብተሩን ዛሬ ይዤዋለሁ።

ነገር ግን ገዢው ለሚቀጥለው ምርት 40 ኬሻ ጠይቋል። ጓደኛው የሆነ ሌላ ቆይም ናሙና ላኪልኝ ብሏል። 40 ኬሻ ምን አላት፣ አገራችን በ2017 በጀት ዓመት ከ460,000 ቶን በላይ ቡና ልካ ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ስታገኝ፣ ይህች ጠብታ ናት። እውነት ነው፤ ጠብታ ናት። ግን የእኛ ጠብታ ናት፤ የት እንደምትወድቅም እናውቃለን።

ለስምንታችን የማቀርበው

እንግዲህ ለተካፋዮቹ ሐሳቤን አቅርቤ ልጨርስ።

1ኛ፣ መውጣት የሚፈልግ ይውጣ። በባንክ ያለው ገንዘብ ለሦስቱ ይበቃል። ነገር ግን የጉዞው ወጪ የሁላችን ስለሆነ ሙሉ 50,000 ሳይሆን ዛሬ የሚደርሰው ተሰልቶ ይሰጠው። ሒሳቡን ሠርቼ አምጥቻለሁ፤ 46,000 ብር ይደርሰዋል።

2ኛ፣ የምንቀረው እስከ ሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ድረስ ተጨማሪ ገንዘብ አንስጥ፤ ልጅቷም አትበደር። ባለው አቅም 40 ኬሻውን ትላክ። ካልተቻለ በሁለት ጭነት ይከፈል።

3ኛ፣ በየሦስት ወሩ መዝገቡ ተከፍቶ ይነበብ። ማንም ሰው በየቡናው ላይ ከሚያወራ መጥቶ ይጠይቅ።

4ኛ፣ ከእንግዲህ ከልጆቻችን አንዱ ወደ ውጭ ገበያ ልሂድ ብሎ ርዳታ ቢጠይቀን፣ «ምን ሸጠህ ትመጣለህ?» ብለን አንጠይቀው። «ምን አይተህ ትመጣለህ? ማንን ትጠይቃለህ? ምን ትጽፋለህ?» እንበለው። የመጀመሪያው ጉዞ የዐይን ነው፤ ሁለተኛው የእጅ ነው።

ወገኖቼ፣ ዕድራችን ለምን ይህን ያህል ዓመት ቆመ? ሀብታም ስለሆንን አይደለም። ጡሩንባ በተነፋ ሰዓት ድንኳኑ ስለሚደርስ፣ ድስቱም ወንበሩም በቁጥሩ ስለሚገኝ ነው። ሰው ኀዘን ላይ ሆኖ «ይመጡ ይሆን?» ብሎ አይጠራጠረንም። እዚያ ሩቅ አገር ያለው ቡና ቆይም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ በተባለው ቀን፣ በተባለው ቁጥር፣ እንደ ናሙናው። ይህን ከዕድር የበለጠ የሚያውቅ የለም። እናቷ የዚህ ዕድር ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ በነበሩ ጊዜ አንድ ማንኪያ ጠፍቶ አያውቅም። ልጅቷም ያንኑ ነው ይዛ የሄደችው።

ሦስቱ ወንድሞቼ ከስብሰባው በኋላ ሻይ እየጠጣን ደብተሩን እንድታዩልኝ፣ ከዚያም እንድትወስኑ በትሕትና እጠይቃለሁ። ብትቀሩ ደስ ይለኛል፤ ብትወጡም አንቀያየምም።